በሰላም ተኝታ አድራለች

ለተከበሩ የቀዶ ሕክምና ተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ዋና ነርስ፤
ባሉበት፤

ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ለእንቅልፍዎ ያለኝን መልካም ምኞት አስቀድማለሁ። እኔ ሆዴ ተከፍቶ ከተሰፋ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ «አንቺ» እልዎት እንደነበር፣ የልብ ምትን ከእጅ አንጓ ላይ ፈልጎ ማግኘትንም ያስተማርኩዎት እኔ እንደሆንኩ አልዘነጋሁም። ነገር ግን ሹመት ይከበራልና፣ ጡረታ የወጣች ነርስም ወጉን ታውቃለችና፣ «እርስዎ» እያልኩ ቅሬታዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በአልጋዬ እግርጌ በተንጠለጠለው የክትትል ወረቀት ላይ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሌሊቶች በሙሉ «በሰላም ተኝታ አድራለች» ተብሎ ስለተጻፈልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በእነዚያ ሌሊቶች እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሳል በመጣ ቁጥር ትራስ ሆዴ ላይ ደግፌ፣ ወደ ጎን መዞር እያማረኝ፣ በጀርባዬ እንደተንጋለልኩ አነጋሁ። ተረኛዋ ከበር ላይ ባትሪ ስታበራ ዓይኔን የምጨፍነውም፣ አንዲት ነርስ ለሃያ ስድስት በሽተኛ መሆኗን ስለማውቅ ላላስቸግራት ብዬ ነው። ይሉኝታዬ እንደ እንቅልፍ ተቆጠረልኝ።

ሁለተኛ፤ በአራተኛው ቀን ቁስሌ ውስጥ የሚጠዘጥዝ ሕመም እንቅልፍ እንደነሳኝ ለሐኪሙ ብነግረው፣ ወረቀቱን አየና እንደተኛሁ ነገረኝ። ሐሳብ እንዳላበዛም መከረኝ። በስድስተኛው ቀን ቁስሉ መግል ቋጥሮ ተገኘና እንደገና ተከፈተ። ለምክሩ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሦስተኛ፤ በአምስተኛው ቀን ልትጠይቀኝ የመጣችው እህቴ ያንን ወረቀት አንስታ ሰጠችኝ። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሆኖ ሳለ፣ ገና ያልመሸው ሌሊቴ ተጽፎ አልቋል። የእጅ ጽሑፉ የእርስዎ ነው፤ የመጀመሪያ የተረኛ ሪፖርትዎን በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩ ሰው አይጠፋኝም። እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀብኝ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ተናድጄ ይበቃኝ ነበር፤ እርስዎ መሆንዎን ሳይ ግን አለቀስኩ፤ የተሰፋ ሆድ ይዞ ማልቀስ ምን እንደሆነ ደግሞ ለእርስዎ አይነገርም። በሥራ ዘመኔ እኔም ጥድፊያ ሲበዛብኝ የሙቀት ልኬት ዘግይቼ የሞላሁበት ቀን ነበር። ያልመጣ ሌሊት ግን ጽፌ አላውቅም፤ መጻፍም አላስተማርኩዎትም።

አራተኛ፤ አስቀድሜ ለብቻዎ፣ እንደ ልጄ ቆጥሬ ብነግርዎት፣ በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዙኝ። አቀረብኩ። ትናንት በማኅተም የደረሰኝ መልስ «በመዝገቡ መሠረት ታካሚዋ ስለተኛች ቅሬታው ተቀባይነት የለውም» ይላል። በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ሲባል እሰማ ነበር፤ ማኅተም እንደሚደረግበት አላውቅም ነበር። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።

ከሥራዎ እንዲነሱ አልፈልግም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእነዚያ አምስት ሌሊቶች ትይዩ፣ በራስዎ እጅ፣ «አልተኛችም» ብለው ይጻፉልኝ። ሐኪሙ የሚያምነው ወረቀቱን ነውና ወረቀቱ እውነት ይናገር።

እንቅልፏ በማኅተም የተረጋገጠላት፣ ዓይኗ እስከ ዛሬ ያልተከደነ፣ ለክብርዎ ዘወትር የምትነቃ፣
የአልጋ ቁጥር አሥራ አራት ታካሚና የቀድሞ አስተማሪዎ

ግልባጭ፦
ለክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ የአልጋ ቁጥር አሥራ አምስቷ ልጅ ጠዋት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተወስዳለች። ይህን ስጽፍ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ገና አልወጣችም፤ እናቷም ኮሪደሩ ላይ እንደቆሙ ናቸው። በባዶው አልጋ ላይ በተንጠለጠለው ወረቀት ግን ልጅቱ የዛሬን ሌሊት በሰላም ተኝታ አድራለች። እናትየው ማንበብ ስለሚችሉ ጽሑፉን ወደ አልጋው አዙሬ ወረቀቱን ገልብጬዋለሁ።