አምስተኛዋ ቁልፍ

ስልኬን ዘግታብኝ እንኳ ከልቤ ላልወጣችው፣ ከሩቅ ሆና ጆሮዬን ለምትቆነጥጠኝ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቀሽ የሰው የኮምፒውተር ኮድ ስታርሚ ወገብሽ ጎበጠ ወይስ ገና ነው? ዓይንሽስ? ብርዱስ ለመደሽ? «ደህና ነኝ» ብለሽኛል ብዬ ልለፍ፣ ጊዜ ስለሌለኝ ነው። እኔ ከጭንቅላቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱ ደግሞ ድሮም እንዲሁ ነበር።

ቁጥሬን የዘጋሽብኝ በልደትሽ ማግስት መሆኑን አልረሳሁም። ከኢንተርኔት የገለበጥኩትን ኮድ «እንኳን ተወለድሽ» እያለ መልእክት እንዲልክልሽ አዘዝኩት፤ የት እንደሚያቆም ግን ሳልነግረው ተኛሁ። ሲነጋ ስልክሽ ነፍሱ ወጥታ ነበር አሉ። ያኔ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ፤ ይኸው የእጄን አገኘሁ። ዛሬ እንደ ጥንት ሰው በወረቀት የምጽፍልሽ፣ አድራሻሽንም ለእማዬ ከላክሽው ጥቅል ላይ የሰረቅኩት ለዚህ ነው።

እትዬ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። የሚያስቅ ነገር ካገኘሽበት ከአመሌ ነው። አባዬ ታሟል። እማዬ በስልክ «አባትሽ ደህና ነው፣ ተኝቷል» ስትልሽ እውነቱ መተኛቱ ብቻ ነው። በዝናቡ ወራት የጭነት መኪናውን አቁሞ ከጋቢናው ሊወርድ ሲል ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ምላሱም አብሮ ታሰረ። የምንለውን ይሰማል፣ ሊል የፈለገውንም ያውቃል፣ ከአፉ ግን ቃል አይወጣም። እማዬ «በሰው አገር ያለች ልጅ ምን ታድርግ፣ አርፈህ ተቀመጥ» ብላ አስምላኛለች። ስትደውዪ ስልኩን ይዛ ወደ ደረጃው የምትሮጠው እኔ እንዳልነጥቃት ነው።

መናገር ሲያቅተው ማንኪያ መወርወር ጀመረ። የምሠራበት የሬዲዮ ጥገና ቤት ባለቤት፣ ያ በቆመ ጠጉሩ ምክንያት «ሽቦ» የምንለው፣ ከተጣለ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ነቅሎ ሰጠኝ። እኔ ደግሞ ኮድ የሚጫንባት መዳፍ የማታክል ቦርድ፣ አምስት ቁልፎችና ሚሞሪ ካርድ የሚጎርስ ማጫወቻ አመጣሁ። ኮዱን እንደ ፈተና ከሦስት ሰው ወረቀት ስለቀዳሁት መጀመሪያ እርስ በርሱ ተጣላ፤ ኋላ ታረቀ። አባዬ በግራ እጁ ሲጫን ሳጥኑ በእኔ ድምፅ ይናገርለታል። አንደኛው ቁልፍ «ውሃ»፣ ሁለተኛው «አመመኝ»፣ ሦስተኛው «አገላብጡኝ» ይላል። አራተኛው ላይ «ከልጆቼ ሁሉ ቆንጆው ትንሹ ነው» ብዬ ቀረጽኩ። አንድ ቀን መርፌ ሲወጋ ደንግጦ ተጫነው፤ ቤት እየመጣ የሚያክመው ሐኪም ዞር ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

መጀመሪያ አንዴ ሲጫን «ውሃ ውሃ ውሃ» ይል ነበር፤ እማዬ ጆግ ይዛ ትሮጣለች። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መስሎኝ ነበር። ለካ ቁልፍ ሲጫኑት ውስጡ ያለው ብረት ይነጥራል፤ ቦርዱም አንዱን ንክኪ ሦስት አድርጎ ይቆጥረዋል። ለአንቺ የሕፃን ጨዋታ ነው፣ እኔን ግን ስንት ቀን አሳበደኝ። ኮዱ ላይ በኛው ቋንቋ ሲነገር እንዲህ የሚል ጨመርኩበት፦ ቁልፉ ከተነካ ሃምሳ ሚሊሰከንድ ታገስ፤ አሁንም እንደተጫነ ከሆነ ያኔ ተናገር። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ከእኔ ይልቅ አስቦ የሚናገር ጨዋ ሆነ።

አምስተኛዋ ቁልፍ ባዶ ነበረች። ፋይል የሌላት ቁልፍ ስትጫን ማጉያው «ጠቅ» ብሎ ዝም ነው። አልበላም ብሎ ባስቸገረኝ ቀን እሱን ለማባበል፣ «ይቺ የእትዬ ናት፣ ድምጿን ስትልክልን እዚህ እናስገባለን፣ አሁን ጉረስ» አልኩት። ጎረሰ። እኔ ረሳሁት። እሱ አልረሳም።

አራቱን ቁልፎች እርግፍ አድርጎ ተዋቸው። መንገድ ሲዘጋበት ጡሩምባውን ይጫን እንደነበረው ያቺኑ ይጫናል። ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አዘንብሎ ይጠብቃል። ጠቅ። ደግሞ ይጫናል። ምግብ ስናቀርብ አፉን ገጥሞ በዓይኑ ሳጥኑን ያሳየናል። ሐኪሙ «ጉሮሮው ይሠራል፣ እምቢ ያለው እሱ ነው፣ በዚህ ከቀጠለ አይቆይም» አለ። እንዲህ ነው ያለው፣ እማዬ ፊት።

ጨነቀኝ። ሲጨንቀኝ ምን ባደርግ ጥሩ ነው፤ ድምፄን አቅጥኜ አንቺን ሆንኩ። ስንቱን ጓደኛሽን በስልክ ያታለልኩበት ድምፅ ነው። «አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ብላ» ብዬ ቀርጬ አስገባሁ። ተጫነው። ሰማ። እጁን ከሳጥኑ ላይ አነሳና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ከንፈሩ እስኪሰነጠቅ ድረስ ውሃ እንኳ አልቀመሰም። እትዬ፣ ቀልዴ ሳያስቅ ቀርቶ ያውቃል፤ ሰው ሊገድል ሲደርስ ግን አይቼ አላውቅም።

ካርዱን ፊቱ ነቅዬ ፋይሉን እያየኝ አጠፋሁት፣ መልሼም ከተትኩት። ብዙ ቆይቶ ግራ እጁን ሰደደ። ጠቅ አለ። ከእኔ ውሸት ባዶዋን መረጠ።

የሄድሽ ቀን አባዬ በሩ ላይ ያለሽን እኔም ሰምቻለሁ። «ከዚህ ቤት ከወጣሽ ድምፅሽን እንዳልሰማ» ነው ያለሽ። ቃሉን ጠበቅሽለት፤ ለእማዬ ስትደውዪ አንድ ቀን እሱን አገናኚኝ ብለሽ አታውቂም። አልፈርድብሽም። ግን ያንን ያለ አፍ ዛሬ የለም። የቀረችው አንዲት ግራ እጅ ናት፤ እሷ የምትለውን ደግሞ ይኸው ነገርኩሽ።

አራቱን ፋይሎች ገልብጬበት ካርቶን መሃል ያጣበቅኩት ሌላ ሚሞሪ ካርድ ፖስታው ውስጥ አለ። እንዲህ አድርጊ። መስኮቱን ዝጊ፣ ፍሪጁንም ንቀዪው፣ ጉርምርምታው ይገባል። ስልክሽን ከአፍሽ አንድ ስንዝር አርቂው፤ ካስጠጋሽው ድምፅሽ ይፈነዳል። መቅረጫውን ከፍተሽ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም በዪ፤ ይሄ ርካሽ ማጫወቻ መጀመሪያ ያገኘውን ይውጣልና «አባዬ» የምትለዋን እንዳይበላት። አራቱን ፋይሎች አትንኪ፤ ያንቺን መጨረሻ ላይ ገልብጪ፣ በገቡበት ተራ ነው የሚያጫውታቸው። ስሙንም ዜሮ ዜሮ ዜሮ አምስት በዪው። ቁጥሬን ከከፈትሽልኝ ግን ካርዱን ተዪውና በስልክ ላኪልኝ፤ እሱ ይፈጥናል፣ መፍጠን ደግሞ አለብን።

ምን እንደምትዪ አልነግርሽም። ቂም ካለሽ ቂምሽን ተናገሪ፤ ብትቆጪውም ተቆጪው። ብቻ አንቺ ሁኚ። ልቅሶ ከመጣብሽም አትቁረጪው፣ ካርዱ ሰፊ ነው።

እንግዲህ ሰላምታው። አብራሽ ለምትኖረው ልጅ ሰላም በዪልኝ፤ ካላገባች ሁለቴ በዪልኝ። ሽቦ «እህትህ ኮድህን ብታየው ታለቅሳለች» ብሎ ሰላም ብሎሻል። አክስታችን የላክሽላት ሹራብ ቢጠባትም አላወልቅም ብላ፣ እዚያው ውስጥ ሆና ሰላም ትልሻለች። እማዬ ምንም አላለችሽም፣ መጻፌን አታውቅም። ስትደውዪ እንዳትነግሪብኝ። አይ፣ ንገሪብኝ፣ ትምታኝ።

ለአባዬ ሰላምታ የሚልበት ቁልፍ አልሠራሁለትም። ይህን ስጽፍ ግን ከግድግዳው ወዲያ ጠቅ ይላል፤ ዝም ይላል፤ ጠቅ ይላል።

አስቸጋሪው ታናሽሽ
ከአባዬ ክፍል ጎን
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 5