የዴንግ የጧት ሩጫ

ዴንግ፣
አንበሳሜ ከተማ ለሥራ ሄጃለሁ፤ ማታ እመለሳለሁ። ውኃ አፍልቻለሁ፣ ከሱ ጠጣ።

ሩጫውን ግን እንዳትተወው። ትናንት የቁሐር ገበሬዎች ዱላ ይዘው የተከተሉህ ሊመቱህ አይደለም። ሰው በጧት ሲሮጥ ቢያዩ ከብት የተዘረፈብህ መስሏቸው ሊያግዙህ ነበር። ከጁባ ለትምህርት የመጣህ እንግዳ መሆንህን የት ያውቃሉ?

«የሚሮጠው ለጤናው ነው» ብዬ አስረዳኋቸው። ከመካከላቸው ጋሽ አያልነህ «ውይ፣ ምኑን አመመው?» ብለው እርጎ ልከውልሃል። ዝም ብለህ ጠጣው፤ እኔ ማስረዳቱ ደክሞኛል።

ጫማህ ደጅ ፀሐይ ላይ ነው። ዛሬ ጧት ካልሲ ደርቤ ልሮጥበት ሞክሬ ነበር።
ከወፍጮ ቤቱ አላለፍሁም።
«አትችልም» እያልሁ የሳቅሁብህ
ለካ በራሴ ኖሯል።

ይሄይስ