ከተቀደደው በኋላ የጨመርኩት

ሐሙስ፣ ነሐሴ ፲፱

ዳና የሚሸምንበት ጉድጓድ ውኃ ይዟል። ጠዋት ሳልፍ አየሁት። ሌላ ዓመት ቢሆን ጊፋታ አንድ ወር ሲቀረው ዳና እግሩን ከዚያ ጉድጓድ የሚያወጣበት ጊዜ አልነበረውም። ወላይታ ለዘመን መለወጫው አዲስ ልብስ ይፈልጋል፤ እኛ ከሰሜን የመጡ ሰዎች ልጆችም ለመስቀል እንዲሁ። ዘንድሮ ግን ፈትል ይዞ የመጣለት የለም።

ሚስቱ አልታዬ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። "እትዬ፣ ሰው ምን ነካው? ዳና ምን አጠፋ?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። አውቃለሁ።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፈው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሴቶቹ እኔ ቤት ተሰብስበው ሲፈትሉ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ አነበብኩላቸው። በባሕር ማዶ የጨርቅ ዋጋ ወርዷል ይላል። ቀጥሎ "ስለዚህ" ይልና ተቀዷል። ሁሉም እንዝርታቸውን አቁመው አዩኝ። እኔን፣ ሰው መሐል ድምፄ የማይሰማውን። "ስለዚህ አቡጀዲ እዚህም ሊረክስ ነው፤ የታገሠ ይጠቀማል" አልኳቸው። ይህን ጋዜጣው አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ደግሞ እያነበብኩ እንዲመስል ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ፈትሉን ከሙዳዩ አላወጣም። ርካሽ አቡጀዲ ይጠብቃሉ።

ዓርብ፣ ነሐሴ ፳

ዓረቡ ሱቅ ሄጄ የአቡጀዲ ዋጋ ጠየቅኩ። እንደ ድሮው ነው። ሊረክስ ነው ሲባል ሰማሁ ስለው ሳቀብኝ። "ማነው እሱ? ከባሕሩ እስከ ሶዶ በቅሎዋ በነፃ ነው የምትሸከመው? ሴትዮ፣ ያንን ያወራ ሰው ገበያዬን ገደለው። ሁሉም እየዳበሰ ይሄዳል።"

ማን እንዳወራው አልነገርኩትም። በርበሬ ገዝቼ ወጣሁ።

የበርበሬው መጠቅለያም ጋዜጣ ነው። እንዳልሳሳት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሀብታሞቹ አገሮች ሥራ ለምን እንደ ቆመ ያትታል። እኔ፣ አገር የሚደኸየው በአንበጣ፣ በጦርነት ወይም ዝናብ ሲቀር ይመስለኝ ነበር። እዚያ ይህ ሁሉ የለም። ፋብሪካው አልተቃጠለም፤ መጋዘኑ ሙሉ ነው፤ ሠራተኛውም ጤነኛ ነው። ግን ገዢው ነገ ይረክሳል ብሎ ይጠብቃል፤ ባለፋብሪካው ፈርቶ ሠራተኛውን ያሰናብታል፤ የተሰናበተው ጫማ መግዛት ይተዋል፤ ጫማ ሰፊውም በተራው ሥራ ይፈታል። ሰው ሁሉ ለራሱ ተጠንቅቆ፣ ተያይዞ ቆመ። ጸሐፊው እንደሚለው መፍትሔው መንግሥት መንገድና ድልድይ እያሠራ ለሰው ሥራ እንዲሰጥ ነው፤ አንድ ሰው መጀመር አለበትና። በዚህ የማይስማሙም ብዙ ናቸው ይላል። ማን ልክ እንደ ሆነ እኔ አላውቅም።

ሶዶን ግን አውቃለሁ። ዳና ሥራ የለውም። አልታዬ ጥጥ መግዛት ትታለች። ከቆላው፣ ከተበላ፣ ጥጥ የምታመጣው ሴት ሁለት ገበያ ቀርታለች። እኔ ቤት ከሚፈትሉት አንዷ፣ ቅቤ ሻጯ በለጠች፣ ቅቤዋን ይዛ ትመጣለች፣ ይዛ ትመለሳለች።

የባሕር ማዶውን ማን እንዳቆመው አይታወቅም። የእኛን ያቆምኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ ፳፩

ገበያ። በለጠች ከሩቅ አየችኝ። "ደብተራዋ! ዛሬስ ወረቀቱ ምን አለሽ? የእኔ ቅቤ መቼ ነው የሚሸጠው?" ሰው ሳቀ። ልናገር ነበር። እኔም ሳቅኩ። እንዴት ሳቅኩ?

ከዚያ አልታዬ አገኘችኝ። ዳና ሰኞ ወደ ተበላ ሊወርድ ነው፣ ጥጥ እርሻ ላይ በቀን ሥራ። በዚህ በወባ ወራት። ታናሽ ወንድሙን እዚያው ወባ ገድሎታል። "አትሂድ ስለው፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ላብላችሁ ይለኛል" አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ነሐሴ ፳፪

ተናገርኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን ደጀ ሰላሙ አጠገብ አቆምኳቸው። አልታዬንም አስጠርቻት ነበር። ወረቀቱ "ስለዚህ" ላይ ተቀዷል፤ የቀረውን የሞላሁት እኔ ነኝ አልኩ። አቡጀዲም አልረከሰም።

አንዷ ቀስ ብላ፣ "ማንበብ የሚያውቅ ሰው ይዋሻል እንዴ?" አለች። ለመስደብ አልነበረም፤ የእውነት ጥያቄ ነው።

በለጠች ግን ነደደች። "ታዲያ በአንቺ አፍ የተነሣ አሮጌ ለብሰን መስቀል ልንውል ነው?"

ነገ ጠዋት ፈትሌን ለዳና እሰጣለሁ አልኳቸው። እኔ ብቻ ከሰጠሁ አንድ ጋቢ ነው፤ አንድ ጋቢ ሰው ከመንገድ አይመልስም። እያንዳንዳችን ሌላዋን ከጠበቅን ግን ማንም አይጀምርም።

"ሁለተኛ አላምንሽም" አለች በለጠች፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች። "ቅቤዬ ግን ሊሻግት ነው።"

እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። አልታዬ ከሁሉም ቀድማ ሄደች።

ሰኞ፣ ነሐሴ ፳፫

ለጋቢ ብዬ ሁለት ዓመት የፈተልኩትን ሁሉ ተሸክሜ ሄድኩ። ዳና ስንቁን ቋጥሯል፤ የሽመና ዕቃውም በጠፍር ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል። ቆሜ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። ስላጠፋሁት፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ወንድሙም።

ፈትሉን ተቀብሎ በጣቱ ሳብ ሳብ አደረገው። "ስንት ክንድ?" አለኝ።

እኔ ይቅርታዬን ቀጠልኩ።

"እሜቴ፣ ስንት ክንድ ነው ያልኩት።"

ነገርኩት። ድሩ ጥሩ ነው፣ ማጉ ግን ያንሳል፤ አልታዬ ትፈትል አለ። ሒሳቧን እዚያው ከፈልኳት። እጄን ሳትነካ ተቀበለችኝ።

በለጠች መጣች። ሙዳይዋን እያስቀመጠች፣ "ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ" አለችኝ። ከእሷ ኋላ ሁለት መጡ። ሌሎቹ አልመጡም፤ ቤታቸው ሆነው ይጠብቁ ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም። ዳና ይህን እስክጨርስ አልወርድም፣ ከዚያ በኋላ አላውቅም አለ። ጠፍሩን ፈታው።

ስወጣ አልታዬ በለጠችን መንገድ ላይ አስቁማ ቅቤ ስትገዛ አየኋት። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለች፣ ትንሽ። ይዛት በአጠገቤ አለፈች። ሰላም አላለችኝም። እኔም አልጠራኋትም።