ከፈተናሽ በኋላ ያልኩት

ለምወድሽ ልጄ ለማርያማዊት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? የአዲስ አበባው ብርድ በረታብሽ ወይ? እህልስ ትቀምሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ስደውል ስለማታነሺ ይህን ቀስ እያልኩ ጽፌ ለሾፌሩ ለቦንሳ ሰጠሁት።

ወንድምሽ ኢዮስያስ መታመሙ እንዳይነገርሽ የከለከልኩት እኔ ነኝ። አክስትሽን አልጋነሽን አትቀየሚያት፤ በማርያም አስምዬ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።

እዚህ ጅቡቲ በነፃ ንግድ ቀጠናው መጋዘን የሚሠራውን ታውቂያለሽ፤ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ባንዴ የሚያሰናዳ ፕሮግራም ነበረው። ታሞ ተኝቶም ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፍ ነበር። ይህ ሁሉ ዝርዝር ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ የኮምፒውተሮቹ የሥራ ተራ ነው አለኝ። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይጫናል፣ ቀጥሎ መመሪያው ይገባል፣ ከዚያ ነው ሥራ የሚጀምረው። ከላይ ወደ ታች መደርደር ብቻ አይበቃም፣ ይህ ያንን ይጠብቅ ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል አለ። የሚጠበቀው ካልተሳካ ጠባቂውም ሳይሠራ ይቀራል። እኔም፣ ታዲያ ካንተ ይሻላሉ፣ ጠብቁ ሲሏቸው ይጠብቃሉ ብዬ ቀለድኩበት። ሳቀና፣ ክፉው ስህተት የማይገናኙትን አንዱን ባንዱ ማሰር ነው አለኝ፤ እሱም አንዴ እንዲህ አድርጎ መጋዘኑ ግማሽ ቀን ቆሞ ዋለ።

ወዲያው ማርያማዊትን ጥሪልኝ አለ። ፈተናዋን ትጨርስና አልኩት።

ፈተናሽ ሁለት ሳምንት ሲራዘም እኔም አብሬ አራዘምኩ። እሱ በተራዘመ በዘጠነኛው ቀን ዐረፈ፤ አንቺም ቀብሩ አልፎ ተረዳሽ። ባቡር ብትይዢ በማግስቱ አጠገቡ ነበርሽ። መምጣትሽን ከፈተናሽ ጋር ምን አገናኘው? ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል። በመጨረሻውማ መጣች ወይ አላለኝም፤ ፈተናዋ አለቀ ወይ ነው ያለኝ።

ጎረቤቶች ልብሱን ለነዳያን ስጪ ይሉኛል። ሻንጣውን አልከፈትኩም። ይህኛው በእውነት አንቺን የሚጠብቅ ነው፤ ብቻዬን አልችለውም። ይቅር እስክትይኝ ግን አትጠብቂ። እንደተቀየምሽኝ ነይ።

አልጋነሽን፣ እህትሽ ሸክሜን አሸክሜሻለሁ ብላለች በይልኝ። ባለቤቷን አቶ በዕውቀቱን እንደምን አሉ በይልኝ። የልጃቸውን የትንሿን የፅዮናዊትን ጉንጭ ሳሚልኝ።

እናትሽ ሎሚ
ጅቡቲ፣ አርሂባ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.