ማኅተማቸውን ከእጃቸው ያላስወጡት የወይዘሮ ሠርኬ ደመቀ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሠርኬ ደመቀ እህል በረንዳ ጆንያ ይሸከሙ ከነበሩት ከጎጃሜው አባታቸው ከአቶ ደመቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺሐረግ በ1957 ዓ.ም. ራጉኤል አካባቢ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ያስተማሯቸው ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ማዕረግ ናቸው፤ ራሳቸው ፊደል ሳይቆጥሩ አትክልት ተራ ጎመን እየቸረቸሩ። ይህ ሳይነበብ እንዳይታለፍ ያሉትም እሳቸው ናቸው።

በ1979 ዓ.ም. ልብስ ሰፊውን ምንይሉን አግብተው አንዲት ልጃቸውን ፀደንያን ወለዱ። ሰውየው እጁ ፈጣን ነበር፤ በመርፌም በጥፊም።

በ1998 ዓ.ም. ምንይሉ ስፌት ቤቱን በሚስቱ ስም አዛወረ። ፍቅር እንዳይመስላችሁ። በመንግሥት ጨረታ ሴቶች ለሚመሩት ድርጅት ቅድሚያ ይሰጣል ሲባል ሰምቶ ነው። ማኅተሙ እሱ ኪስ ውስጥ፣ ወይዘሮ ሠርኬ ቁራጭ ጨርቅ ለቀማ ላይ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሴት ስም እያሸነፈ ለመንግሥት የጽዳት ሠራተኞች ቱታ ሲያስሰፋ፣ ከወሎ የመጡት ሰፊዎች ሙሚናና ዱንያ ቀና ባሉ ቁጥር ጥፊ ይቀምሱ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጥታ ባለንብረቷን ጠየቀች። ምንይሉ መሬት ላይ የተንበረከኩትን ሚስቱን አሳያት። ወይዘሮ ሠርኬ የንግድ ፈቃዱን ወረቀት ከተቆጣጣሪዋ ተቀብለው ስማቸውን አነበቡ። «አዎ፣ የእኔ ነው» አሉ፤ «ማኅተሙን ግን ዓይኔ አይቶት አያውቅም፤ ኪሱን ፈትሺው።»

ተቆጣጣሪዋ ጽፋ ወጣች። በሩ እንደተዘጋ ምንይሉ መንጋጋቸውን በካውያ መታቸው፤ ሁለት ጥርስ ወለቀ። እሳቸውም የጨርቁን መቀስ አንሥተው ጭኑ ላይ ሰኩበት፤ እየጮኸ ሳለ ማኅተሙን ከኪሱ አወጡ። ታላቅ እህታቸው ይህን ሲሰሙ እልል ብለዋል፤ ዛሬም አይጸጸቱም።

ፍርድ ቤት አፋታቸው፤ ስፌት ቤቱም እሱ ራሱ ባዘጋጀው ወረቀት ለእሳቸው ጸና። በ2005 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጃቸው ጨረታ ሊገቡ ወጡ። ፖስታው ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት መግባት ነበረበት፤ ጀርባው ገና ስላልታተመ ማኅተሙን በቀኝ እጃቸው ጨብጠዋል። ምንይሉ ከሁለት ሸሪኮቹ ጋር መንገድ ላይ ጠበቃቸው። ጎናቸውን ረገጧቸው። ምንይሉ «ማኅተሙን ልቀቂ!» እያለ ቀኝ እጃቸውን በብረት ቀጠቀጠ። ሦስት ጣት ተሰበረ፤ ጡጫቸው ግን አልተፈታም። ሙሚናና ዱንያ መቀስ ይዘው ደርሰው በተኗቸው። የምንይሉ ጆሮ ላይ ያለው ጠባሳ የዱንያ ሥራ ነው።

ሐኪም ቤት ሲሏቸው «መጀመሪያ ጨረታው» አሉ። በግራ እጃቸው አተሙ።

«እትዬ፣ ፖስታው እኮ ደም ነክቶታል» አለ የጨረታ ሰነድ ተረካቢው።

«ማኅተሙ ይነበባል?»

«ይነበባል።»

«እንግዲያው ተቀበል።»

ተቀበለ። አሸነፉም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አሥራ ስምንት ሴቶች ሠርተዋል፤ እጁን ያነሣባቸው አንድም ወንድ የለም።

በዚያ ርግጫ የተጎዳው ኩላሊታቸው ግን አላገገመም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸውን ፀደንያን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። የምንይሉ ስም ከኀዘንተኞች ዝርዝር የቀረው ተረስቶ አይደለም።

በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት የኖሩት ማኅተም የተፈታው ገላቸው ሲታጠብ ነው። በኑዛዜያቸው መሠረት ዛሬ እናንተው ፊት ለዱንያ ይሰጣል። ከነገ ወዲያ ጨረታ አለ። ሠልስት ነው ብላችሁ እንዳታስቀሯት፤ እሳቸው ያዘዙት ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም እጁን በማያነሣባቸው ስፍራ ያሳርፍልን።