ለአባትሽ ያልነገርኩት

ልጄ እስከዳር፣ «እማዬ ስደውልላት ለምን ቶሎ ትዘጋብኛለች?» ሳትይ አትቀሪም። በሰው አገር ሞገስ አይንሳሽ፤ ወጥተሽ በሰላም ግቢልኝ።

እኛ ደህና ነን። ዳባት ያለው አጎትሽ፣ ይታያል፣ ገብሱን አጭዶ ከምሯል። እዚህ ደባርቅ ብርዱ ጠንክሯል፤ እኔን ግን ላብ ያጠምቀኛል። አባትሽ «ሰው ጋቢ ሲደርብ አንቺ በረንዳ ትወጫለሽ?» እያለ ይስቅብኛል።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። የወር አበባዬ ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ከመስቀል ወዲህ ደሙ ተመለሰ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳልገባ ከደጅ ቆሜ ስታየኝ ጎረቤታችን ሥራዬ «ሌላ ልጅ ልትወልጂልን ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩላት። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ልጅነቴ የተመለሰ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ይህን የምትጽፍልኝ የዚችው የጎረቤታችን ልጅ ሰገነት ናት፤ በነርስነት ተመርቃ ሥራ ትጠብቃለች። በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። እሷ አልሳቀችም። «እትዬ፣ ከቆመ በኋላ የመጣ ደም ዝም አይባልም፤ ጎንደር ወስጄ ላስመርምርዎት» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ቀን ቆረጠች፣ ሦስቴም አስቀረኋት። አባትሽን ምን ብዬ ልውጣ? ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ነገር ነግሬው አላውቅም። አንቺ ስትደውዪም አጠገቤ ነው የሚቀመጠው።

ሰገነት አሁን ደግሞ ለቅዳሜ ቀጥራኛለች። ልጄ፣ ከዚያ በፊት ደውለሽ ለአባትሽ አንቺ ንገሪልኝ። የወለድሽው ይባረክ፣ የያዝሽው ይርጋልሽ። ስትደውዪ ስልኩን ለእሱ ሰጥቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ።