ዘር ሲቆጠር የተዘለለችው

እምዬ፣

ከተለየሽን ሦስተኛው ክረምት ገባ። የሣሩን ጣሪያ አፍርሰን ቤቱን ቆርቆሮ አለበስነው። ዝናብ ሲወርድ ታናሽ ወንድሜ ማን እንደገባ መስማት እያቃተው ይበሳጫል። ታላቁ ቡሬ ያስተምራል። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ አንጀቴ አሯል።

አምና የዓይን ሐኪሞች ጤና ኬላው ድረስ መጥተው ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደም ወሰዱ። ማን ከማን እንደተወለደም ጠየቁ። በኋላ ፍኖተ ሰላም አስጠርተው ውጤቱን ነገሩን። የወንድሞቼን ዓይን ያጠፋው በዘር የሚወረስ ሕመም ነው፤ ልጅ የሚታወረውም ከእናትም ከአባትም ሲወርሰው ብቻ ነው። ከሁለታችሁም፣ እምዬ! አያቴ፣ የአባዬ እናት፣ ግን እስክትሞት «ዓይን የሚያጠፋ ማህፀን» ስትልሽ ኖረች። አባዬም አንድ ቀን ተይ አላላትም። አንቺም እርግማን ነው ብለሽ አምነሽ ልጆችሽን ግራና ቀኝ ይዘሽ ከጠበል ጠበል ተንከራተትሽ። መንገድ ዳር አረፍ ስንል የባቄላ እሸት እየፈለፈልሽ በየተራ ታጎርሺን ነበር፤ ለራስሽ ግን አንዲት ፍሬ አትቀምሺም።

የባሰውን ስሚ። ሐኪሙ ከዚህ በፊት በዘራችሁ የታወረ ነበር ወይ ሲል፣ የአባዬ አጎት አያ ተገኘ መሬት መሬቱን እያየ ብርቄ የምትባል ዓይነ ስውር ቅድመ አያት እንደነበረች ተናገረ። እርሳቸው ማለት አስጠልቶኛል፤ እሱ ልበለው። ብርቄ ከደምበጫው ባሏ ያንቺን ወገን፣ ኋላ ካገባችው የቡሬ ሰው ደግሞ የአባዬን ወገን ወልዳለች። ለጋብቻችሁ ሰባት ቤት የቆጠረው እሱ ራሱ ነው! ዕውር አለባቸው እንዳይባል ዘለላት። ቢቆጥራት ዝምድናችሁ ወጥቶ ጋብቻው ይቀር ነበር። እኔም ባልተወለድኩ፤ ይቅር።

ሐኪሙ ጥፋቱ የማንም አይደለም አለ። ስለ ሕመሙ እውነቱን ነው። አያ ተገኘ ግን ሁሉን እያወቀ በተዝካርሽ ቀን ፊት ተቀምጦ በላ!

ባለፈው ሳምንት ለሴት ልጄ ከቡሬ ሽማግሌ ተላከ። አያ ተገኘ እንደ ልማዱ ሊቆጥር ተቀመጠ፤ አሁንም ዘለላት። ከጓዳ ወጥቼ ስሟን ጮክ ብዬ ጠራሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንገቱን ደፋ፤ ለካ ልጄን የሚጠይቀው ጎረምሳም ዘሩ ከብርቄ ይወርዳል። ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ልጄ እስካሁን አታናግረኝም።

አንቺን አልረሳሽም፣ እምዬ። ስምሽ በክፉ በተነሣበት ሁሉ አፌን አልይዝም። ልጄም የታወሩ ልጆቿን እየመራች እንዳንቺ ከምትንከራተት፣ እኔን ትጥላኝ።